ከአውሬ የሚገላግል ፍሊት፦ የፖኬሞኑ ሪፔል ጥሩ መሣሪያ ነው?

ዋሻ ውስጥ ናችሁ። መውጫው እዚያው ስክሪኑ ጥግ ላይ ይታያል፤ ቢበዛ 15 እርምጃ ቢቀራችሁ ነው። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ስትሉ ስክሪኑ ብልጭ ድርግም ይላል፣ ሙዚቃው ይቀየራል፣ አንዲት የሌሊት ወፍ ፊታችሁ ድቅን ትላለች። መሸሻውን ትጫናላችሁ፤ አመለጣችሁ። አራት እርምጃ ትሄዳላችሁ፣ ሌላ የሌሊት ወፍ። ትሸሻላችሁ፤ አሁን ግን አልተሳካም፣ ነከሰቻችሁ። እንደገና ትሸሻላችሁ። መውጫው አሁንም እዚያው ጥግ ላይ ነው።

ፖኬሞን ሬድን ወይም ብሉን የተጫወተ ሰው ታሪኩን ሳልጨርስ ስሟን ይጠራታል፦ ዙባት። እኔ ያወቅኳት በልጅነቴ፣ የአክስቴ ልጅ ለክረምት ከአሜሪካ ሲመጣ ይዞት በመጣው አሮጌ ጌም ቦይ ከለር ላይ ነው። ጌም ቦዩ ሁለት የባትሪ ድንጋይ ይበላል። ድንጋዩን ከራሳችን ኪስ ስለምንገዛ እያንዳንዷ ዙባት ለእኛ የሳንቲም ጉዳይ ነበረች። ባትሪው ሊያልቅ ሲል ጎኑ ላይ ያለችው ቀይ መብራት ትደበዝዛለች፤ እኛ ደግሞ ዋሻው መሀል ሆነን እንጨቃጨቃለን። ስለዚህ ጌሙ ውስጥ ሪፔል የሚባል፣ አውሬ የሚያርቅ ዕቃ እንዳለ የነገረን ቀን ያንን ዘመዴን እንደ ነቢይ ነው ያየሁት።

ዛሬ ምህንድስና ተምሬ የሁለተኛ ዲግሪ ጥናቴን እየሠራሁ ነው። ቀኑን ሙሉ «ይሄ መሣሪያ የሚለውን ነገር በትክክል ይሠራል ወይ?» እያልኩ ስውል ያ ዕቃ ትዝ አለኝ። መጽሐፍ ይገመገማል፣ ፊልም ይገመገማል። የጌም ውስጥ ዕቃስ ለምን አይገመገምም? ሰው የዕድሜውን ሰዓታት የሚሰጠው ነገር እኮ ነው። አቋሜን ከወዲሁ ልናገር፦ ሪፔል አሻሻጡ ግራ የገባው፣ አጠቃቀሙም ተጫዋቹን የሚያጉላላ ዕቃ ነው። ግን ውስጡ አንዲት ሕግ አለችው። በእሷ ምክንያት፣ ከእሱ በኋላ ከመጡት የተሻሉ ከሚባሉት መሣሪያዎች ሁሉ እሱን እመርጣለሁ።

መጀመሪያ ዕቃውን እንተዋወቅ። ፖኬሞን ሬድና ግሪን በጃፓን የወጡት እ.ኤ.አ. በ1996 ነው። ሪፔል ሦስት ዓይነት ነው፤ ተራው ለ100 እርምጃ፣ ሱፐር ሪፔል ለ200፣ ማክስ ሪፔል ለ250 ይሠራል። በጃፓንኛ የተራው ስም ቃል በቃል «የነፍሳት መከላከያ ስፕሬይ» ማለት ነው፤ የቀሩት ሁለቱ ደግሞ የብርና የወርቅ ስፕሬይ ይባላሉ። እኛ ቤት ብትሆን «ፍሊት» ትባል ነበር፤ ልዩነቱ ፍሊት ይገድላል፣ ይሄኛው ያርቃል። ስሙ ለእኔ ትንሽ ያስቃል። የጌሙ ፈጣሪ ሳቶሺ ታጂሪ በልጅነቱ ቶኪዮ ዳርቻ ላይ ነፍሳት ሲሰበስብ ያደገ ሰው ነው፣ ፖኬሞንም የመጣው ከዚያ ነው። ነፍሳት መያዝን ጨዋታ ያደረገ ሰው ያንኑ ጨዋታ ውስጥ የነፍሳት ማባረሪያ ሸጠልን ማለት ነው። ይሄ በራሱ አንድ ነገር ይናገራል፦ ሠሪዎቹ የራሳቸው ሐሳብ የሚሰለችበት ሰዓት እንዳለ ያውቁ ነበር።

ዋሻው ውስጥ ማን አለ?

ነገሩ ምን መሰላችሁ፣ ዋሻው ውስጥ የሌሊት ወፍ የሚባል ነገር የለም። ካርታው ላይ የሚበር ወይም አድፍጦ የሚጠብቅ ምንም የለም። ያለው ቁጥር ነው። አንድ እርምጃ በተራመዳችሁ ቁጥር ጌሙ ከ0 እስከ 255 ካሉት አንዱን ቁጥር በዘፈቀደ ያወጣል። እያንዳንዱ ቦታ ደግሞ የራሱ ወሰን አለው። የወጣው ቁጥር ከወሰኑ ካነሰ ግጥሚያ ተጀመረ ማለት ነው፤ ካላነሰ በሰላም ታልፋላችሁ። ገና ከመንደራችሁ ስትወጡ የምትረግጡት የሩት 1 ሳር ወሰኑ 25 ነው። ማውንት ሙን የሚባለው ዋሻ የመጀመሪያ ወለሉ ላይ ደግሞ 10 ነው። ይሄን የምናውቀው አድናቂዎች የጌሙን ኮድ መስመር በመስመር ፈትተው ስላነበቡት ነው።

10 ለ256 ሲካፈል 3.9 በመቶ ይሆናል። ትንሽ ነው አይደል? ሩት 1 ላይ ካለው ግማሽ እንኳን አይሞላም። ታዲያ ሰው ሁሉ የሚያማርረው ዋሻውን እንጂ ሩት 1ን ያልሆነው ለምንድነው?

አንደኛ፣ ሳሩን ዞራችሁ ማለፍ ትችላላችሁ። ዋሻ ውስጥ ግን እግራችሁ የሚያርፍበት ወለል ሁሉ ይቆጠራል። ሁለተኛው ምክንያት የዕድል ሒሳብ ነው። በየእርምጃው 3.9 በመቶ ማለት በአማካይ በየ26 እርምጃው አንድ ግጥሚያ ማለት ነው። ግን እኛ የምንኖረው በአማካይ አይደለም። ስሌቱን ብትሠሩት፣ ከግማሽ በላይ በሆነው ጊዜ የመጀመሪያው ግጥሚያ በ18 እርምጃ ውስጥ ይመጣል። ከ100 ጊዜ በ18ቱ ደግሞ ገና በ5 እርምጃ ውስጥ ነው የሚመጣው። በተቃራኒው 100 እርምጃ ያለ ምንም ግጥሚያ የመሄድ ዕድላችሁ ከ2 በመቶ ያንሳል። ዕድል ደግሞ ትዝታ የለውም። «እስካሁን ብዙ አጋጥሞኛል፣ አሁንስ ይበቃታል» የሚባል ነገር አይሠራም፤ ቁጥሩ በየእርምጃው እንደ አዲስ ይወጣል። በብዙ የሚታወሰን ደግሞ የ40 እርምጃው ሰላም ሳይሆን በ4 እርምጃ ሁለቴ የተነከስነው ነው።

ግጥሚያ ከተወሰነ በኋላ ሁለተኛ ዕጣ ይወጣል፦ ማን ይምጣ? እያንዳንዱ ቦታ 10 ረድፍ ያለው ዝርዝር አለው። ረድፎቹ እኩል ዕድል የላቸውም። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ እያንዳንዳቸው ከ256ቱ 51 ይይዛሉ፣ የመጨረሻው 3 ብቻ። በሬድ የማውንት ሙን የመጀመሪያ ወለል ላይ ከ10ሩ ረድፍ 6ቱ ዙባት ናቸው፣ በተለያየ ሌቭል። ተደምሮ ሲታይ ዙባት 79 በመቶ፣ ድንጋዩ ጂዮዱድ 15፣ ፓራስ 5፣ ሁሉም የሚፈልጋት ክሌፌሪ ደግሞ 1 በመቶ ብቻ ትሆናለች። እንግዲህ «ሁሌ ዙባት ነው የሚመጣው» የሚለው እሮሮ ከስሜት የመጣ ብቻ አይደለም፤ ሰንጠረዡም ይመሰክራል።

ሪፔል የሚገባው እዚህ ላይ ነው። ስትረጩት አንድ ቆጣሪ 100 ላይ ይቀመጥና በየእርምጃው አንድ ይቀንሳል። ቆጣሪው 0 እስኪደርስ ድረስ ጌሙ ከሁለቱ ዕጣ በኋላ ሦስተኛ ጥያቄ ይጨምራል፦ የወጣው አውሬ ሌቭሉ ከፊት ካሰለፋችሁት ፖኬሞን ሌቭል ያንሳል? ካነሰ ግጥሚያው በዝምታ ይሰረዛል። በቃ፣ ሙሉው አሠራሩ ይሄ ነው።

ቅደም ተከተሉን ልብ በሉልኝ። ሪፔል አውሬውን አያባርረውም። አውሬው በዕጣ ወጥቶ ካበቃ በኋላ ነው የሚሰረዘው፤ በምትኩም ሌላ አይወጣም። ይቺ ነጥብ ወደ ኋላ ትጠቅመናለች።

ቅሬታዎቼ

መጀመሪያ ስለ አሻሻጡ። ማውንት ሙን በጌሙ የምታገኙት የመጀመሪያው እውነተኛ ዋሻ ነው። ከዋሻው በፊት ያለችው ከተማ ፒውተር ትባላለች፤ ሱቋ ሪፔል አይሸጥም። ሪፔል ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሸጠው ሴሩሊያን ከተማ ነው፣ ዋሻውን ጨርሳችሁ፣ በዙባት ተነክሳችሁ፣ ደክማችሁ ስትወጡ። ዝናቡ ካባራ በኋላ ዣንጥላ እንደሚያቀርብላችሁ ነጋዴ። አንዳንዶች «ሆን ተብሎ ነው፣ መጀመሪያ ችግሩን ቅመሱ፣ ከዚያ መፍትሔውን ታደንቃላችሁ» ይላሉ። ሊሆን ይችላል። ጥሩ አስተማሪም አንዳንዴ ቀመሩን ከመስጠቱ በፊት ረጅሙን መንገድ ያስለፋል። ግን ጥሩ አስተማሪ ቀመሩን ሲሰጥ «ያ ያለፋኋችሁ ነገር አጭር መንገዱ ይሄ ነው» ይላል። ጌሙ ሪፔሉን ከመድኃኒቶቹ መሀል ሰክቶት ዝም ነው ያለው። እኔና የአክስቴ ልጅ ማን እንደነገረው ባላውቅም በወሬ ባይሰማ ኖሮ አናየውም ነበር።

ዋጋው ደግሞ የባሰ ነው። በመጀመሪያው ትውልድ ጌሞች ተራው 350፣ ሱፐሩ 500፣ ማክሱ 700 ነው። እስቲ ለአንድ እርምጃ አካፍሉት። ተራው 3.5፣ ሱፐሩ 2.5፣ ማክሱ 2.8 ይመጣል። ስለዚህ ትልቁና ውዱ ከመካከለኛው ያነሰ ዋጋ ይሰጣችኋል ማለት ነው። ይሄን ሳሰላው የኢንተርኔት ጥቅል የምገዛበት ቀን ትዝ አለኝ፤ ትልቁ ሁሌ አዋጭ ይመስለናል፣ ማካፈል ግን የሚለምደን ስንቶቻችን ነን? እውነቱን ለመናገር ይሄ ስህተት ለእኔ ብዙም አያስከፋም። ማክስ ሪፔልን የሚገዛ ሰው የሚከፍለው ለእርምጃው ሳይሆን ቦርሳውን ቶሎ ቶሎ ላለመክፈቱ ነው ማለትም ይቻላል።

ለምን 250 ሆነ ግን? 100፣ 200 ካላችሁ ቀጥሎ 300 አይመጣም? እዚህ ጋ የምህንድስና ሽታ ይሸተኛል። ቆጣሪው የተሰጠው የማስታወሻ ቦታ አንድ ባይት ብቻ ነው። አንድ ባይት የሚይዘው ትልቁ ቁጥር 255 ነው፤ 300 አይገባበትም። የንድፍ አውጪዎቹን ሐሳብ ተቀምጬ አልሰማሁም፣ ስለዚህ ይሄን እንደ ግምቴ ያዙት። ግን የጌም ቦይን ማስታወሻ ጥበት ለሚያውቅ ሰው 250 ድስቱ ጠርዝ ድረስ የተሞላ ወጥ ነው የሚመስለው።

ከሁሉም የሚያናድደኝ ግን ቆጣሪው አለመታየቱ ነው። ጌሙ ስንት እርምጃ እንደቀራችሁ አይነግራችሁም፤ የሚነግራችሁ ሲያልቅ ብቻ ነው። ሌላ ለመርጨት ሜኑ መክፈት፣ ቦርሳ መክፈት፣ ዝርዝሩን መውረድ፣ መምረጥ፣ ከዚያ ሁሉንም መዝጋት አለባችሁ። ሳያልቅ ቀድማችሁ ብትረጩስ? በሬድ ውስጥ አዲሱ ቁጥር በአሮጌው ላይ ይጻፍበታል እንጂ አይደመርም። 60 እርምጃ ቀርቷችሁ ከነበረ 60ው ጠፋ። የማይታይ ቆጣሪና የማይደመር ቆጣሪ አንድ ላይ! አንድ የላቦራቶሪ መሣሪያ እንዲህ ሆኖ ቢመጣልኝ በማግስቱ እመልሰዋለሁ። «ሪፔሉ አልቋል፣ ሌላ ልጠቀም?» የሚለው ጥያቄ የመጣው በብላክ 2 እና ዋይት 2 ነው፣ በ2012። አንዲት «አዎ» የምትባል ቁልፍ ለመጨመር 16 ዓመት ማለት ነው።

አንዲቷ ሕግ

እስካሁን ያወራሁት ለጠላት የሚመች ነው። አሁን ለምን እንደምወደው ልንገራችሁ።

ያቺን ሦስተኛ ጥያቄ እንደገና እዩዋት፦ የአውሬው ሌቭል ከመሪያችሁ ያንሳል? ይቺ ጥያቄ ባትኖር ሪፔል ማብሪያ ማጥፊያ ነበር፤ አውሬ አለ፣ አውሬ የለም። እሷ ስላለች ግን ሪፔል ወንፊት ሆነ። የወንፊቱን ቀዳዳ ስፋት የምትወስኑት ደግሞ እናንተ ናችሁ፣ ከፊት ማንን እንዳሰለፋችሁ በመምረጥ።

ወደ ማውንት ሙን እንመለስ። ጂዮዱድ ፈልጋችኋል እንበል። ያለ ሪፔል ከሚገጥሟችሁ 100 አውሬዎች 15ቱ ገደማ ናቸው። አሁን ሌቭሉ 10 የሆነ ፖኬሞን ከፊት አሰልፉና ሪፔል ርጩ። ከ10 በታች የሆነው ሁሉ ይሰረዛል። ከዝርዝሩ የሚተርፉት ሦስት ረድፎች ብቻ ናቸው፦ ሌቭል 10 ዙባት ከክብደት 25 ጋር፣ ሌቭል 10 ጂዮዱድ ከ13 ጋር፣ ሌቭል 11 ዙባት ከ11 ጋር። ድምሩ 49። የጂዮዱድ ድርሻ 13 ከ49 ሆነ፣ ማለትም 26.5 በመቶ። ከ15 ወደ 26! ዩኒቨርሲቲ ስትገቡ ይሄን «ሁኔታዊ ዕድል» ብለው ያስተምሯችኋል፤ አንድ ነገር መሆኑን ካወቃችሁ በኋላ የሌላው ዕድል ስንት ነው የሚለው ጥያቄ ነው። እኔ ክፍል ውስጥ ስማረው ቦርዱ ላይ የነበሩት ቀይና ሰማያዊ ኳሶች ናቸው። ውስጤ ግን «ይሄማ ሪፔል ነው» ይል ነበር።

ነፃ ምሳ ግን አይደለም። የተሰረዘው አውሬ በሌላ አይተካም ብያችሁ ነበር አይደል? ስለዚህ የግጥሚያው ብዛትም አብሮ ይወርዳል። 3.9 በመቶው በ49 ለ256 ተባዝቶ ወደ 0.75 በመቶ ይደርሳል፤ በአማካይ በየ134 እርምጃው አንድ ግጥሚያ። በእርምጃ ከቆጠራችሁት እንዲያውም ጂዮዱድ ለማግኘት ይበልጥ ትሄዳላችሁ። ያተረፋችሁት የዙባት ግጥሚያ ባለመኖሩ የዳነውን ጊዜ ነው። አንድ ሽሽት ከመግቢያው ሙዚቃ ጋር 15 ሰከንድ ይፈጃል ብትሉና አንድ እርምጃ ከአንድ ሰከንድ በታች ቢሆን፣ ያዋጣል ወይስ አያዋጣም? እስቲ እናንተ አስሉት። መልሱ እንዳሰባችሁት ቀላል አይደለም፤ የያዛችሁት ሌቭልና የምትፈልጉት አውሬ ይወስነዋል። ክሌፌሪን ለማግኘት ለምሳሌ ይሄ ዘዴ ብዙም አይረዳም። እሷ ሌቭል 8 ስለሆነች ወንፊቱን ለእሷ ስትከፍቱት አብዛኞቹ ዙባቶችም አብረው ያልፋሉ፤ ድርሻዋ ከ1.2 ወደ 1.7 በመቶ ብቻ ነው የሚያድገው።

ወንፊቱ በደንብ የሚያበራው በሁለተኛው ትውልድ፣ በ1999 በወጡት ጎልድና ሲልቨር ነው። እዚያ ራይኮውና ኤንቴይ የሚባሉ ከቦታ ቦታ የሚዘዋወሩ አውሬዎች አሉ፣ ሌቭላቸው 40። ዛሬ አንዱ መንገድ ላይ ናቸው፣ እናንተ ቦታ ስትቀይሩ እነሱም ይቀይራሉ። ያለ ሪፔል ብትፈልጓቸው ከተራ አውሬዎች ጫጫታ መሀል አንድ ቃል ለመስማት እንደመሞከር ነው። መፍትሔው የታወቀ ነው፦ ሌቭሉ ከ40 ያልበለጠ፣ ግን ከአካባቢው አውሬዎች የሚበልጥ ፖኬሞን ከፊት ታሰልፋላችሁ፣ ሪፔል ትረጫላችሁ፣ ሳር ውስጥ ትመላለሳላችሁ። ተራዎቹ በሙሉ ይሰረዛሉ። ስክሪኑ ብልጭ ካለ ማን እንደመጣ ሳታዩ ታውቃላችሁ። ጫጫታን ለመሸሽ የተሠራ ዕቃ ብርቅ ነገርን ለመፈለጊያ ዋለ። ይሄን የተጫዋች ብልሃት ነው የምለው፤ ጌሙ ውስጥ ይሄን የሚያስተምራችሁ ሰው አላስታውስም። ሕጉን የተረዳ ልጅ ግን ራሱ ሊደርስበት ይችላል፣ ሕጉ ግልጽና ወጥ ስለሆነ።

እውነተኛው ዓለም ግን እንዲህ አይታዘዝም። ዲት የሚባለው ትንኝ ማራቂያ በ1940ዎቹ ለአሜሪካ ጦር ሲዘጋጅ ጀምሮ ሲጠና ኖሯል፤ ኃይሉ ግን በ100ኛው እርምጃ ላይ ድርግም ብሎ አይጠፋም። ላብና ሙቀት እያነሳሳው ቀስ በቀስ ይደክማል። ደግሞ ትንኟ የእናንተን ጉልበት አትለካም። የሪፔል ሕግ ይበልጥ የሚመስለው የአዳኝ አውሬን ሽታ ነው። በቀበሮ ዓይነ ምድር ውስጥ የሚገኝ ቲኤምቲ የተባለ ውህድ አይጦችን ያስደነግጣል፣ ቀበሮ አይተው የማያውቁ የላቦራቶሪ አይጦችን ሳይቀር። ደካማው ይሸሻል፣ የሚተካከለው ግን ግድ የለውም። ከፊት ያሰለፋችሁት ፖኬሞን ሽታ ነው ብትሉኝ እቀበላለሁ።

አንድ ነገር ግን ይጎድለዋል፦ መላመድ። ማሽላ የሚጠብቅ ልጅ ማማ ላይ ወጥቶ ወንጭፍ የሚያስጮኸው ለምን ይመስላችኋል? ማሳው ላይ ጨርቅ ያለበሱት ማስፈራሪያ ቢበቃ ኖሮ ልጁ ቤቱ ይተኛ ነበር። ወፏም ዝንጀሮውም ማስፈራሪያው እንደማይንቀሳቀስ ሲያውቁ ትከሻው ላይ ያርፉበታል። ዙባት ግን ለ1000ኛ ጊዜም ትሰረዛለች፤ አትማርም። የማትማረው ደግሞ፣ ከላይ እንዳልነው፣ ስለሌለች ነው።

«የተሻሉት»

ሌሎች ጌሞች ይሄን ችግር በየራሳቸው መንገድ ፈተዋል። በ1999 የወጣው ፋይናል ፋንታሲ 8 ዲያብሎስ ከሚባለው ፍጡር የሚማሩት ችሎታ አለው፤ ግጥሚያን ሙሉ በሙሉ ያጠፋል። እዚያ ጌም ውስጥ ጠላቶች ከእናንተ ሌቭል ጋር አብረው ስለሚያድጉ ሳይዋጉ መሄድ ጭራሽ ጥቅም ሆነ። ተጫዋቹ ጌሙን ላለመጫወት የሚሸለምበት ጌም! ብሬቭሊ ዲፎልት ደግሞ ሜኑ ውስጥ መንሸራተቻ አስቀመጠ፦ ግጥሚያ ከነጭራሹ ከማጥፋት እስከ እጥፍ ማድረግ፣ በፈለጋችሁ ሰዓት፣ በነፃ። ብዙ ሐያሲያን ይሄን አደነቁ፣ እኔም የተጫዋቹን ጊዜ ማክበሩን አደንቃለሁ። በባትሪ ድንጋይ ለሚኖር ልጅ ይሄ ምሕረት ነው።

ቢሆንም መንሸራተቻው ከጌሙ ዓለም ውጪ ያለ ነገር ነው። የቴሌቪዥን ድምፅ እንደመቀነስ ነው። ብዛትን ይቀንሳል እንጂ ማን እንደሚመጣ አይመርጥም፤ ማንም ልጅ ጓደኛውን ጠርቶ «መንሸራተቻው ላይ ምን እንዳገኘሁ ታውቃለህ?» አይለውም። በሪፔል ግን እንላለን፣ ብለናልም። በእኔ ሚዛን ለዚህ ችግር ከተሰጡት መልሶች ሁሉ ውቡ የ1994ቱ ማዘር 2 ነው፤ ከጃፓን ውጪ ኧርዝባውንድ ተብሎ ይታወቃል። ጠላቶቹ ካርታው ላይ ይታያሉ። የአካባቢውን አለቃ ካሸነፋችሁ በኋላ ደካሞቹ ሲያዩአችሁ ይሮጣሉ፤ በጣም ከበለጣችኋቸው ደግሞ ውጊያው ሳይጀመር ድሉ ይመዘገባል። ጉልበታችሁን በቁጥር ሳይሆን በሚሸሹት ጀርባ ታውቃላችሁ። የሪፔልን ሕግ ያለ ሪፔል አሠርተውታል። ወንፊቱ ግን የለም፤ ማንን ማስቀረት እንደምትፈልጉ አትመርጡም።

በመጨረሻ ፖኬሞንም ወደዚያው ሄደ። በ2022 በወጡት ስካርሌትና ቫዮሌት አውሬዎቹ ሜዳው ላይ ሲመላለሱ ይታያሉ፣ ሪፔልም ከሱቁ ወጥቷል። መሸሽ የፈለገ በእግሩ ይዞራል። ትክክለኛ ውሳኔ ነው፤ የማይታይ አውሬ ከሌለ ማራቂያ ምን ይሠራል? የአክስቴ ልጅ ታናሽ ወንድም ሲጫወተው ቁጭ ብዬ አየሁ። አንድ አውሬ ከርቀት አይቶ በሳቅ ዞረው። እኔ ትንሽ ቀናሁ።

ይሄን ጽሑፍ ከመጀመሬ በፊት ያቺን አሮጌ ጌም ቦይ ከመሳቢያ አውጥቼ ጎልድን ከፈትኩ። ሌቭል 39 ፖኬሞን ከፊት፣ ሪፔል፣ ሳር ውስጥ ወዲያ ወዲህ። ሦስት ሪፔል አለቀ፣ ሦስቴ ቦርሳ ከፈትኩ፣ ሦስቴ ተማረርኩ። በአራተኛው ስክሪኑ ብልጭ አለ። ራይኮው ነበር፣ አውቄው ነበር። በመጀመሪያው ዙር ጥሎኝ ሸሸ። ቀዩዋ መብራት ደብዝዛ ነበር፤ ድንጋይ ልገዛ ወጣሁ።